ከጋራዥ በወጣች ማግስት

የዛሬው ዝግጅታችን ለመኪና ባለቤቶች፣ ለሹፌሮችና ለባጃጅ ነጂዎች ነው። ጋራዥ ያላችሁም ሬዲዮውን አትዝጉት፤ የእናንተም ስም ይነሳል፣ በክፉ ብቻ ግን አይደለም። ጉዳያችን ተሠርታ፣ ታጥባ፣ ሂሳቧ ተከፍሎ ከወጣች በኋላ ብዙም ሳትቆይ መንገድ ላይ የምትቀር መኪና ናት።

መኪናው እንዲህ የሆነበት ሰው መጀመሪያ የሚለው «ሰውዬው በላኝ» ነው። መካኒኩ በበኩሉ «ከእኔ ስትወጣ ደህና ነበረች» ይላል። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ መካኒኩ አልዋሸም። ከእሱ ስትወጣ በርግጥ ደህና ነበረች።

ለምን ብትሉ፣ ከተማችን ሀዋሳ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ናት። መካኒኩ መኪናዋን ሊሞክር ሲወጣ እስከ መናኸሪያ፣ ቢበዛ እስከ ሐይቁ ዳር ደርሶ ይመለሳል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ባጃጅ ስለሚበዛም እንደ ልብ አይነዳም። ሞተሩ የሚፈተነው ጥቁር ውሃን አልፎ ወደ ሻሸመኔ መውጣት ሲጀምር ነው። ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ከሀዋሳ በ200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሰውና ዕቃ ጭናችሁ ያንን ዳገት ስትያያዙት በሜዳው ያልታየው ጉድ ይወጣል። ወደ ሀገረ ሰላም የምትመላለሱ ሹፌሮች ደግሞ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

የራዲያተርን ነገር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ተምረናል፤ ያ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ 90 ዲግሪና ከዚያም በላይ ነው። ታዲያ መኪናችን ለምን በየቀኑ አትፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ስለሚያቆይ ነው። ግፊት ውስጥ ያለ ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ ሲደርስም ሳይፈላ ይቆያል። ስለዚህ የውሃ ሥራ ተሠርቶ ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ፣ ወይም የክዳኑ ጎማ ካረጀ፣ ከተማ ውስጥ ምንም ሳትሆን ትውልና ዳገት ላይ ትፈላባችኋለች። ውሃ ሲቀየር ውስጥ ታፍኖ የሚቀር አየርም እንዲሁ ነው። ጥሩ መካኒክ ክዳኑን ከፍቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ እስኪያልቅ ይጠብቃል። የቸኮለው አይጠብቅም፤ የቸኮለ ደንበኛም አያስጠብቀውም።

እንግዲህ መኪናዋ ቆመች እንበል። ከመንገዱ አውጧት፤ ሁለቱንም ፍሬቻ አብሩ፤ ተሳፋሪ ካለ በትራፊኩ ተቃራኒ በኩል ባለው በር ይውረድ። ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክቱን ቢያንስ 50 ሜትር፣ መኪና በሚፈጥንበት መንገድ ላይ 100 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዳችሁ አቁሙት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ምልክት የሌለው ሹፌር ቅጠል ይቆርጣል፣ ድንጋይ ይደረድራል። ቅጠሉ ይሁን። መኪናው ተሠርቶ ሲሄድ ግን ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል፤ ማታ የሚመጣው ሞተረኛ የሚያገኘው እሱን ነው። ድንጋይ የደረደረ ሰው ድንጋዩን ሳያነሳ ቁልፍ ማዞር የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና የሰው መሰብሰብ ነው። ኮፈን በተከፈተ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት አራት ሰው ይከባል። አንዱ «ካንዴላ ነው» ይላል፤ ሌላው ቤንዚን አይደርሳትም ብሎ ቱቦ መንቀል ይጀምራል፤ ሦስተኛው ካቻቢቴ ይዞ መጥቷል። ቅንነታቸውን አመስግኑ፣ እጃቸውን ግን ያዙ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሌላ እጅ ከገባበት በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ጋራዡ «እኔ ካሰርኩት በኋላ ሰው ፈቶታል» ቢላችሁ መልስ የላችሁም። ስለዚህ ማንም ምንም ከመንካቱ በፊት ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱ፦ የበራውን የዳሽቦርድ መብራት፣ የሙቀት መለኪያውን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ከሥር የፈሰሰ ነገር ካለ እሱን።

የዘይቱ ቀይ መብራት ከበራ ወይም የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ከደረሰ ወዲያው አጥፉ። «እስከሚቀጥለው ከተማ ላድርሳት» አይባልም። ዘይት የሌለው ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ግሪፕ ያደርጋል፤ የፈላ ሞተር ደግሞ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል፣ ቴስታታ ያጣምማል። በጥቂት መቶ ብር የሚያልቀው ነገር ሞተር ማውረድ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ጋራዡ የመጀመሪያውን ጥፋት ቢያምን እንኳ «መብራቱ በርቶ ለምን ነዳህ?» ብሎ ቢጠይቅ እውነት አለው። የፈላውን ራዲያተር ክዳን ደግሞ ሳይበርድ አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። መካኒኩ ጋ ከመደወላችሁ በፊት ራሳችሁን ይህን ጠይቁ፦ ጋራዥ ውስጥ የተነካው ምን ነበር? አሁን የተበላሸውስ ከእሱ ጋር ይገናኛል ወይ? ክርክሩ በዚህ ጥያቄ ግማሽ ይፈታል።

ዘይት የተቀየረላት መኪና በማግስቱ ዘይት ብታፈስ ይገናኛል። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ፤ ይህን ስህተት ጎበዝ መካኒክም ይሠራዋል። የዘይት ፊልትሮ አፉ ላይ እንደ ቀለበት የሆነ ጥቁር ጎማ አለው። አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ ጎማው አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሞተሩ ጥቁር፣ ጎማው ጥቁር፣ ቦታው ጨለማ ነው፤ በዘይት የራሰ እጅ ዳሰስ ካላደረገው አይታይም። አዲሱ ፊልትሮ ከነራሱ ጎማ በላዩ ይገጠማል፤ ጎማ በጎማ ላይ ሆነ ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሳ አይፈስም፤ መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ደረቅ ነው፣ ያስረክባል። መንገድ ላይ ዘይቱ ሲሞቅ፣ ግፊቱ ሲጨምር፣ አንደኛው ጎማ ይሸራተትና ዘይቱ በአንድ ጊዜ ይዘረገፋል። ስለዚህ ፊልትሮ ስታስቀይሩ አሮጌውን አሳዩኝ በሉ። አሮጌው ላይ ጎማው ካለ ጨርሳችኋል። ከሌለ የት ሄደ?

ፍሬን ተሠርቶ ጎማ ወልቆ ከነበረ ደግሞ የቸርኬው ዳዶ ነገር አለ። ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ዳዶም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ሊላላ ስለሚችል እንደገና መጥበቅ አለበት። ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ አርሲ ነገሌ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ለሻይ ስትቆሙ ቁልፉን አውጥታችሁ ዳዶዎቹን ሞክሯቸው። ከመሪው ንዝረት ወይም ከጎማ አካባቢ ኳኳታ ከሰማችሁ ግን አርሲ ነገሌን አትጠብቁ። አዲስ ሸራ ከተገጠመ ደግሞ ከጋራዡ ግቢ ሳትወጡ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡት። የመጀመሪያው ርግጫ እስከ ወለሉ ሊወርድ ይችላል፤ ያንን በር ላይ እንጂ መስቀለኛ መንገድ ላይ ማወቅ አይገባም።

ባትሪ ተነቅሎ ከተመለሰ በኋላ መኪናዋ ስትነሳ ብትንቀጠቀጥ ወይም ቆማ ሳለች ብትጠፋ ብዙም አትደንግጡ። በኮምፒውተር የሚሠሩ ሞተሮች የአየር ልካቸውን እንደገና እስኪያስተካክሉ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋሉ። ጭራሽ አልነሳም ካለች ግን የባትሪው ራስና የማሳ ሽቦው ላልተው እንደሆነ እዩ። የውሃ ቱቦ ተፈትቶ ከነበረ ፋሸታው፣ የአየር ፊልትሮ ተቀይሮ ከነበረ ክዳኑ፤ በቃ፣ እጅ የገባበትን ቦታ ሁሉ በዓይን ማየት ነው።

አስቸጋሪው መካከለኛው ጉዳይ ነው፤ አልተነካም ግን ይገናኛል። የውሃ ፓምፕ ያፈስ ስለነበር ተቀየረ እንበል። አሮጌው ሲያፈስ ግፊት አይዝም ነበር። አዲሱ ያዘ። ያ ግፊት ደግሞ ለዓመታት ደርቆ የተሰነጣጠቀውን የራዲያተር ቱቦ ቦርግዶ አፈነዳው። መካኒኩ ቱቦውን አልነካም፤ አላበላሸውምም። ሆኖም ፓምፑን ሲገጥም ቱቦው ዓይኑ ሥር ነበር። እኔ እንደማምነው የቱቦው ዋጋ የባለቤቱ ነው፤ «ይሄ ቱቦ አያስተማምንም» ብሎ አለመናገሩ ግን የመካኒኩ ጉድለት ነው። ተናግሮ እናንተ «ለጊዜው ይቆይ» ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ማንንም አትውቀሱ።

ከሥራው ጋር ፈጽሞ የማይገናኝም አለ። ፍሬን አሠርታችሁ በማግስቱ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ትናንት ከመንገድ ዳር በጀሪካን የገዛችሁት ቤንዚን ትዝ ይበላችሁ። ውሃ የገባበት ቤንዚን ጋራዥ አይመርጥም።

አሁን ደግሞ የሀዋሳን ብቻ ሳይሆን የመላ አገሪቱን ጋራዦች ወደሚያጣላው ነገር እንምጣ፤ መለዋወጫ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ዕቃውን የሚገዛው ጋራዡ ሳይሆን ደንበኛው ነው። መካኒኩ በብጣሽ ወረቀት ይጽፋል፤ ደንበኛው፣ ወይም ደንበኛው ከጋራዡ ልጅ ጋር፣ መለዋወጫ ሱቅ ይሄዳል። ባለሱቁ «ኦርጅናል አለ፣ የዱባይ አለ፣ የታይዋን አለ» ይላል፤ ዋጋው ሰማይና ምድር ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ስለዚህ ያለችንን አሮጌ ቪትዝና ኮሮላ እየጠገንን መያዝ ግድ ሆነብን፤ መጠገኛው ደግሞ ተወደደ። ሰው ርካሹን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ታዲያ የተገዛው ኩሽኔታ በሳምንቱ ሲጮህ መካኒኩ «ዕቃው ነው» ይላል፤ ባለሱቁ «አገጣጠሙ ነው» ይላል። ደንበኛው በሁለቱ መሀል ሲመላለስ ይውላል። ይህን የሚፈታው ጩኸት ሳይሆን ዕቃው ራሱ ነው። መካኒኩ አዲሱን ዕቃ እናንተ ፊት እንዲፈታው አድርጉ። በመዶሻ የተመታ ኩሽኔታ ጠርዙ ላይ የምቱ ጠባሳ ይታያል፤ ያ የአገጣጠም ነው። ምንም ሳይነካው ውስጡ ፈራርሶ ከሆነ ወደ ዕቃው ያዘነብላል። ከአሮጌው ጋር ቁጥሩና ስፋቱ የማይመሳሰል ከሆነ ደግሞ የምርጫ ስህተት ነው። ለዚህ ነው የወለቀውን አሮጌ ዕቃ ጥላችሁ አትሂዱ የምለው። በፌስታል ጠቅልላችሁ ቢያንስ አንድ ወር አቆዩት። ደንበኛው ዕቃውን ራሱ ገዛ ማለት ግን መካኒኩ እጁን ታጠበ ማለት አይደለም። ባለሙያው እሱ ነው፤ የማይሆን ዕቃ ሲቀርብለት «ይሄን አልገጥምም» የማለት ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ። ገጥሞት ካበቃ በኋላ «ድሮም ደስ አላለኝም» የሚል መካኒክ አያሳምነኝም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2610 ጀምሮ፣ በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ሊያስገኝ ተስማምቶ ዋጋ ስለሚቀበል ሠሪ ይናገራል። ውጤት የሚለውን ልብ በሉ፤ ደንበኛው የከፈለው መኪናዋ እንድትሠራ ነው። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ግን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነው። የተሰጠው አገልግሎት ጉድለት ካለበት፣ ሸማቹ አገልግሎቱን ካገኘበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና እንዲሠራለት ወይም የከፈለው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል አዋጁ ይደነግጋል። ለተገዛ ዕቃም እንዲሁ 15 ቀን አለ፤ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይቻላል። ጋራዡ ከዚህ የተሻለ ዋስትና ከሰጣችሁ በተሰጣችሁ ዋስትና ትጠቀማላችሁ።

ቀኑን የምታስረዱት ታዲያ በምንድን ነው? በደረሰኝ። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልህ» የሚለው ነገር ያን ጊዜ ምን ያህል እንዳስከፈላችሁ ይገባችኋል። ደረሰኝ ከሌለ በቴሌብር ወይም በባንክ የከፈላችሁበት መልእክት ቀኑንና መጠኑን ይዟል፤ አታጥፉት። መድን አለኝ ብላችሁም አትጽናኑ፤ የተለመደው የመኪና መድን ለግጭትና ለስርቆት እንጂ በእርጅና ወይም በሥራ ጉድለት ለሚመጣ የሞተር ብልሽት አይከፍልም።

አሁን ደውሉ። አደዋወሉም ዘዴ አለው። «ሌባ!» ብሎ የጀመረ ሰው ስልኩ ይዘጋበታል። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ጋሼ፣ ትናንት ከእናንተ ጋ ዘይት የቀየረችው ነጯ ቪትዝ ነኝ። አርሲ ነገሌ መግቢያ ላይ የዘይት መብራት በራ፤ ወዲያው አጥፍቻታለሁ። ከሥር በፊልትሮው በኩል ያፈሳል። ማንም አልነካትም፤ ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ሰው ይልኩልኛል ወይስ አስጎትቼ ላምጣት?» ይህ ንግግር ስድብ የለበትም፤ መካኒኩ የሚያመልጥበት ቀዳዳም የለውም። «አስጎትት» ካለ የመጎተቻውን ማን እንደሚከፍል እዚያው በስልክ ተነጋገሩ፤ ካልተቻለ በጽሑፍ መልእክት ላኩለት።

መጎተት ካልኩ አይቀር፣ በገመድ የምትጎተቱ ከሆነ ቁልፉ ተነቅሎ መሪው እንዳይቆለፍ ተጠንቀቁ። ሞተሩ ስለጠፋ ፍሬኑ ይደርቃል፣ መሪውም ይከብዳል፤ ስለዚህ ቀስ ተብሎ ነው። አውቶማቲክ ማርሽ ያላት መኪና የሚነዱት ጎማዎቿ መሬት ላይ እያሉ ረጅም መንገድ መጎተት የለባትም፤ ካምቢዮዋ ይቃጠላል። አሁን አሁን የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ በመጫኛ መኪና ላይ ይጫኑ እንጂ አይጎተቱ። ብርቱካናማ ገመዶቻቸውንም ያልሠለጠነ ሰው እንዳይከፍታቸው፤ ይገድላሉ።

የባጃጅ ነጂዎች ችግር ትንሽ ለየት ይላል። ባጃጁ የሌላ ሰው ሆኖ ነጂው የቀን ገቢ የሚያስገባ ከሆነ፣ የተሠራው ባጃጅ በማግስቱ ሲቆም ጠቡ ከመካኒኩ በፊት ከባለቤቱ ጋር ይጀምራል። የቆመበት ቀን ገቢ በማን ይታሰባል? ይህን ገና ሥራ ሲጀመር ተስማሙበት። መካኒኩን የመረጠው ባለቤቱ ከሆነ ነጂው የሚከስርበት ምክንያት አይታየኝም።

መኪናዋ ተመልሳ ጋራዥ ስትገባ አብራችሁ ቁሙ። መካኒኩ ጥፋቱን ካመነ፣ በነጻ ከሠራና ዘይቱን ከተካ፣ አመስግናችሁ ሂዱ፤ እንዲህ ዓይነት መካኒክ ተፈልጎ አይገኝም። ካላመነ በጋራዡ አካባቢ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ትልቅ ሰው ወይም ሌላ አንጋፋ መካኒክ አይጠፋም፤ አስጠሩት፣ ዕቃውን አይቶ ይናገር። ይህም ካልሆነ 15 ቀኑ ሳያልፍ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ለጋራዡ ስጡ፤ ቅጂው ላይ አስፈርሙ። ከዚያ ወደ ከተማው የንግድ መሥሪያ ቤት ትሄዳላችሁ። የሠራው ጋራዥ ፈቃድ ከሌለው፣ ከዛፍ ሥር የሚሠራ ከሆነ፣ መንገዱ ይረዝማል፤ ርካሽ ዋጋው ይህንንም ይጨምራል።

ጋራዥ ላላችሁ ደግሞ ቃል የገባሁት አለ። ደብተር ያዙ። ደንበኛው መኪናውን ሲያመጣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተነገራችሁን ችግር፣ የነካችሁትን፣ ያያችሁትንና ደንበኛው ይቆይ ያለውን ጻፉ፤ አስፈርሙት። «ቱቦው አያስተማምንም ተብሎ ተነግሮታል» የሚል አንድ መስመር ከስንት ጭቅጭቅ ያድናችኋል። ለሙከራ ስትወጡም ሐይቅ ዳር ደርሳችሁ አትመለሱ፤ የውሃ ወይም የሞተር ሥራ ከሆነ ባለቤቱን ይዛችሁ ጥቁር ውሃን ተሻገሩና ዳገቱን ጥቂት ያዙት። የነዳጁን ማን ይችላል የምትሉ ከሆነ ሂሳቡ ውስጥ አስገቡት፤ ምን እንደሆነ የተነገረው ደንበኛ ይከፍላል። ጎማ አውልቃችሁ ለሠራችሁለትም «50 ኪሎ ሜትር ነድተህ ብቅ በል፣ ዳዶውን ላጥብቅልህ» በሉት። ሥራው አምስት ደቂቃ ነው፤ ሂሳብ አትጠይቁበት።